አንድ ጋት ከፍ ያለው መብራት

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ወረቀት ቀድጃለሁ። አሁን ግን እጄ ሄደልኝ። መጻፍ እንዲህ ደስ የሚል ነገር መሆኑን ያወቅሁት ዘንድሮ፣ በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ እኔም አብሬው የምሮጥ ይመስለኛል። የምነግራችሁ ነገር ግን ደስ የሚል አይደለም፤ መራራ ነው። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ እኔም አልገባኝም። ስትጨርሱት እናንተ ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የምንኖረው ሞላሌ ነበር። አባቴ ታደሰ መካኒክ ነው። የገበያው ሰው ግን ታደሰ ካቻቪቴ ይለዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እንኳ ካቻቪቴው ከኪሱ አይለይም። ሙያውን በልጅነቱ ጣሊያኖቹ መንገድ ሲሠሩ ዕቃ እያቀበለ ነው የለመደው። ማንበብና መጻፍ አያውቅም፤ ሞተር ግን ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ፒንሳ አቀባይዋ፣ መኪና ሥር ገቢዋ፣ ሽቦ ላጪዋ እኔ ነበርኩ።

«ኧረ ታደሰ፣ ሴት ልጅህን ግራሶ በግራሶ አደረግሃት። ማን ያገባልሃል?» ይሉታል።

«መኪና የተበላሸበት» ይላል እሱ።

ሞላሌ ያኔ መኪና ብርቅ ነበር። ለገበያ ቀን የጭነት መኪና ይመጣል፤ አልፎ አልፎ አውቶብስ። በዚያ የገደል መንገድ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚነዳ ሾፌር የለም፤ ከወረዳው ገዥ ጂፕ በቀር። ስለዚህ በምሽት ብርቱ መብራት ከታየ ገዥው መጡ ማለት ነው። ገዥው ከመጡ ደግሞ በበቅሎም በፈረስም ላይ ያለ ሰው ይወርዳል። ነጠላውን አደግድጎ ከመንገዱ ዳር ቆሞ እጅ ይነሳል። አንድ ገበሬ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ አሳለፋቸው ተብሎ ሁለት ሌሊት ታስሯል። ከዚያ ወዲህ ሰዉ የመኪና ድምፅ ሲሰማ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳያይ፣ መውረድን ለመደ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ኅዳር ላይ ነው፣ ገብሱ ታጭዶ ሲከመር፣ ልጅ አስፋው በስፖርት መኪናው የመጣው። የአገሩ ትልቅ ባላባት ልጅ ነው፤ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። (ያኔ ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምለው። በጽሑፌ «እሱ» ብዬዋለሁ፤ ምክንያቱን በኋላ ትደርሱበታላችሁ።) መኪናዋ ቀይ ናት፤ ጣሪያዋ ሸራ፣ መቀመጫዋ ለሁለት ሰው ብቻ። ድንጋይ እንዳይመታት ቀስ እያለች፣ ሆዷን እየጎተተች ገባች። ከተማው ተሰበሰበ። ጠላ ሻጭዋ እትዬ ብርቄ ዙሪያዋን ዞረው አይተው፣

«ግማሹስ የት ቀረ? ገደል ገባ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ልጅ አስፋው ግን አልሳቀም። ቀጥ ብሎ ወደ አባቴ ቆርቆሮ ቤት መጣ።

«ታደሰ፣ ይህ መብራት አይደለም፣ ኩራዝ ነው። ጎማዬ ሥር ያለውን ድንጋይ ያሳየኛል፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።»

«ቀን ይንዱ፣ ጌታዬ።»

«ቀን ማንም ይነዳል! ከወዳጆቼ ጋር ተወራርጃለሁ። ማክሰኞ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚህ ተነሥቼ ራቴን ደብረ ብርሃን ከእነሱ ጋር እበላለሁ። ትችላለህ? አትችልም?»

አባቴን «አትችልም» ያለው ሰው አበቃለት። አልጋው ሥር ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ትልልቅ የፊት መብራቶች አወጣ። ገደል ከገባ የጭነት መኪና የፈታቸው ናቸው፤ ለዓመታት አስቀምጧቸው ነበር። የትንሿን መኪና መብራት አወለቀ። ቦታው ለትልቁ አልበቃ ሲል ላሜራ ቆርጦ ቀለበት ሠራለት። ቀጭኑን ሽቦ ጥሎ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው ቀጥታ አመጣ። «ውኃ በቀጭን ቦይ ጅረት አይሆንም፤ መብራትም እንደዚያው ነው» አለኝ። የእኔ ሥራ ከአምፑሉ ኋላ ያለውን ሰሃን መሰል መስታወት መወልወል ነበር።

«በአመድ እንዳትነኪው፣ ይቧጥጠዋል። በጥጥ ብቻ። ትንፋሽሽን እፍ እያልሽ።»

ፊቴ ውስጡ ተገልብጦ ታየኝ፤ አገጬ ላይ፣ ግንባሬ ታች። ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያ መስታወት ነገሩ እንደሚገለበጥ ከእኔ በፊት ያወቀ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ቀን አባቴ ወደ የኔታ ላከኝ። የኔታ ገብረ ሕይወት ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው። ሴት ልጅ ምን ይሠራላታል ሲባሉ «ዓይን አላት፤ ዓይን ካላት ታንብብ» ብለው ከወንዶቹ መሐል ያስቀመጡኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ደጃቸው ላይ ብራና ይጽፉ ነበር።

«የኔታ፣ አባዬ ትንሽ ቀይ ቀለም ቢሰጡኝ ይላል። ለመኪና።»

«ለመኪና? የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት እኮ ነው፣ አንቺ።»

«መብራቱን ካነጣጠረ በኋላ ቪቴው ላይ፣ ማስተካከያው ብሎን ላይ፣ አንድ አንድ ጠብታ ያደርግበታል። ሰው ቪቴውን ከነካው ቀለሙ ይሰነጠቃል። ያኔ አባዬ ያውቃል።»

«እንግዲያ ምስክር ነው በይኛ።» ሳቁ። «ምስክር ከሆነ ይሁን።» በትንሽ ብልቃጥ ጠብ አደረጉልኝ። ልሄድ ስል ጠሩኝ። «አደራ! በቀለም ውሸት አይጻፍም። ለመኪናም ቢሆን።» ከዚያ ወደ በቅሏቸው ዞሩ። «ዳማ፣ ማክሰኞ ለተዝካር እንሄዳለን፤ እዚያ ጥሩ ገብስ አለ» አሏት። የኔታ ከበቅሏቸው ጋር ከሰው ይልቅ ያወሩ ነበር። «የማትመልስልኝ እሷ ብቻ ናት» ይላሉ።

ማክሰኞ ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሥራው አለቀ። አባቴ መኪናዋን ከቆርቆሮው ግድግዳ ዐሥር እርምጃ ርቃ እንድትቆም አደረገ። በመብራቶቹ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር አስሰመረ፤ ያሰመርሁት እኔ ነኝ። መብራቱ ሲበራ ግድግዳው ነደደ ማለት ይቻላል! አባቴ በካቻቪቴው ቪቴዎቹን እያዞረ ብርሃኑን ከመስመሩ አንድ ጋት ዝቅ አደረገው።

«ለምን ዝቅ ይላል?» አልኩት።

«ከፊት የሚመጣውም ሰው ዓይን አለው።»

ቀዩን ቀለም በስንደዶ ነክሮ ቪቴዎቹ ላይ ጠብ ጠብ አደረገ። እፍ ብሎ አደረቀው። የነቢያት ጾም ነበረና እህል አልቀመሰም ነበር። ካቻቪቴውን ሳጥኑ ላይ ትቶ ሊቀማምስ ቤት ገባ። ካቻቪቴውን ከኪሱ ውጭ ሲተወው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጅ አስፋው ግድግዳውን ሲያይ ቆየና፣ «አባትሽ ዝቅ አደረገብኝ» አለ። «በዚህ ዓይነት መታጠፊያውን ከሩቅ አላየውም። ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ።»

«አባዬ ይቆጣል፣ ጌታዬ።»

«አባትሽ የሚያውቀው የጭነት መኪና ነው። ይቺ ፈጣን ናት።» ዕቃ ሳጥኑ ላይ ያስቀመጥሁትን ደብተሬን አነሣና ገለጠው። «ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው? እንዲህ ያለ ጽሕፈት አዲስ አበባም አላየሁ።» ከደረት ኪሱ ብዕር መዘዘ። ጥቁር ነው፤ ክዳኑ ወርቃማ፣ ቀለሙ ሆዱ ውስጥ ያለ። እኔ ያኔ የምጽፈው የእንጨት ብዕር ቀለም ውስጥ እየነከርሁ፣ እያንጠባጠብሁ ነበር። «እንዲህ ያለ እጅ እንዲህ ያለ ብዕር ያስፈልገዋል። ውሰጂው። ያቺን ነገር ግን ቶሎ በያት፣ መሸብኝ።»

ብዕሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ እምቢ እል ነበር ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ውሸት ነው። ብዕሩም፣ ምስጋናውም፣ «ጌታዬ» የምለው ሰው እኔን መለመኑም ተደማመሩ። ካቻቪቴውን አነሣሁ። የግራውን ቪቴ ሁለት ጊዜ አዞርኩ፤ የቀኙንም ሁለት ጊዜ። ላዩ ብቻ የደረቀው ቀለም ተሰነጠቀ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ተሳበ፣ መስመሩን አለፈ፣ ከመስመሩም አንድ ጋት ወጣ። ሲወጣ ደስ አለኝ። በቀለም ነውና የምጽፈው አልዋሽም፤ በጣም ደስ አለኝ።

አባቴ ሲመለስ ልጅ አስፋው መብራቱን አጥፍቶ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። እጁን አውለበለበና ሄደ።

ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ መንገዱ ይታያል። ከከተማው ወጥቶ የገደሉን አፋፍ ይዞ ይሄድና «መታጠፊያው» የምንለው ቦታ ላይ ይሰወራል። እኔና አባቴ ቆመን አየን። ጨለማው እየያዘ ነው፤ ጉሙም ከቆላው እየወጣ ነው። መብራቱ ሲበራ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጉሙን እንደ ነጭ ጋቢ ተርትሮት ሄደ።

አባቴ ግን ግንባሩን ቋጠረ። «ይህ መብራት ምነው ሰማይ ሰማይ ያያል?»

«ዳገት ላይ ስለሆነ ነው፣ አባዬ።»

«እዚያ ቦታ ዳገት አለ?»

መብራቱ መታጠፊያው ጋ ደረሰ፣ ሳይቆም አለፈ፣ ጠፋ። ብዕሩን ከቀሚሴ ሥር በእጄ ጨብጬዋለሁ።

ብዙም አልቆየ፣ ከመታጠፊያው በኩል ኡኡታ ተሰማ። የአንድ ወንድ ድምፅ ነው። ከተማው ችቦ ይዞ ወጣ። መንገድ ላይ ያገኘነው ጎረቤታችን አቶ ሽፈራው ነው፤ የበቅሎ ልጓም ይዞ ይጮኻል። በቅሎዋ ዳማ ናት። ኮርቻዋ ላይ ሰው የለም።

«ተናገር እንጂ ሽፈራው! የኔታስ?» አለው አባቴ።

«ከተዝካር አብረን ስንመለስ መብራት መጣ። ‹ገዥው ናቸው› አሉ። ‹ይቀመጡ የኔታ፣ ሽማግሌ ነዎት፣ ምን ይሉዎታል› ብላቸው ‹የታሰረውን ረሳኸው?› ብለው ወረዱ። ነጠላቸውን ሊያደገድጉ ወደ ዳር ፈቀቅ ሲሉ መብራቱ ዓይናችንን ወጋን። እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ! ሲያልፍ ዓይኔን ብገልጥ የኔታ የሉም። በቅሎዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እሳቸው የሉም!»

ችቦው በጉሙ ውስጥ ከክንድ በላይ አያሳይም፤ ጭሱ ይብስ አሳወረን። አባቴ ወደ ቤት ሮጠ። ሲመለስ የመኪና ባትሪ በገመድ ጀርባው ላይ አስሯል። በእጁ የያዘው ከልጅ አስፋው መኪና ያወለቀውን አሮጌ መብራት ነው። ሽቦውን አገናኘና አቀበለኝ።

«አንቺ ያዢ። እጅሽ አይንቀጠቀጥም።»

በሁለት እጄ ያዝኩ። እኔ ከፊት፣ እሱ ባትሪውን ተሸክሞ ከኋላዬ፣ በአንድ ሽቦ ተያይዘን ገደሉን በቂጣችን እየተንፏቀቅን ወረድን። ያ «ኩራዝ» የተባለ መብራት የሚያሳየው እግራችን ሥር ያለውን ድንጋይ ብቻ ነበር። እኛም የምንፈልገው እሱን ብቻ ነበር። ድንጋይ በድንጋይ እያየን ስንወርድ ነጭ ነገር አየሁ። ነጠላ ነው። የኔታ ከአንዲት እርከን ላይ አርፈዋል፤ አንድ እግራቸው ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ያሉትን እስከምሞት አልረሳውም።

«ገዥው አለፉ?»

አባቴ «አዎ፣ አልፈዋል የኔታ» አላቸው።

«እጅ ሳልነሳ አለፉኝ... ይቀየሙኝ ይሆን?»

በቃሬዛ አወጣናቸው። ወጌሻው ሌሊቱን ሙሉ ሲያሻቸው ጩኸታቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ሕይወታቸው ተረፈ። ዳሌያቸው ግን እንደተሰበረ ቀረ። ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ የኖሩ ሰው ከዚያ ወዲህ ያለ ሰው እጅ አልቆሙም።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ዕቃውን ሲሰበስብ አየሁት። ካቻቪቴውን አነሣ፣ ጫፉን ተመለከተ፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ ደግሞ ተመለከተ። ጫፉ ቀይ ነበር። ቀለሙን የቀባው በስንደዶ ነው፤ ካቻቪቴው ቀለም የሚነካበት ምክንያት አልነበረም። ቀና ብሎ አየኝ። በጨርቅ ወለወለውና ኪሱ ከተተው። ቢመታኝ ምናለ!

ልጅ አስፋውን የጠየቀው የለም። የባላባት ልጅ ማን ይጠይቃል? ሰዉ የጠየቀው አባቴን ነው። «የታደሰ መብራት ሰው ያሳውራል» ተባለ። እትዬ ብርቄ እንኳ ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩበት። እኔ አንድ ቃል ብናገር ስድቡ ይነሣለት ነበር፤ ዝም አልኩ።

ለገና ደብዳቤ መጣ፤ ከልጅ አስፋው ነው። አባቴ ማንበብ ስለማይችል ያነበብሁለት እኔ ነኝ። «መብራቱ ተአምር ነው። የማዶውን ገደል ሳይቀር አሳየኝ። ውርርዱን በላሁ። ለአንድ ወዳጄ ሌላ ጥንድ አዘጋጅልኝ» ይላል። ስለ ሰው የሚል ቃል የለበትም። አላየም ማለት ነው፤ መብራቱ ማዶውን እያሳየው አጠገቡ የቆመውን አላሳየውም።

«መልስ ጻፊ» አለኝ አባቴ።

«ምን ብዬ?»

«መብራት የለም በይው።»

የእንጨቱ ብዕር ያን ቀን ተሰብሮብኝ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ቆየሁ፣ ቆየሁና ጥቁሩን ብዕር ከተሸሸገበት አወጣሁ። አባቴ ወርቃማ ክዳኑን አየ።

«እሱ ነው የሰጠኝ» አልኩ። «ቪቴውን እንዳዞርለት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ለሰው አልነገርክም? አንተን እኮ ነው የሚሰድቡት!»

«ከቤቴ የወጣ ሥራ የእኔ ነው። አንቺ ባለሽበት ካቻቪቴውን የተውሁት እኔ ነኝ።» ቀጥሎም፣ «ለእኔ አትንገሪ። የሚነገረው ሰው ታውቂዋለሽ» አለ።

ጥምቀት እስኪያልፍ አልደፈርኩም። ታቦት ሲወጣ የኔታ ደጃቸው ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው ከሩቅ ሲያዩ ያየኋቸው ጊዜ ግን ሄድኩ። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብዕሩን፣ ቪቴውን፣ «ዳገት ነው» ብዬ የዋሸሁትን። እግራቸውን ልስም ስል አነሡኝ።

«የታመመውን አትንኪ» አሉ። ወደ ዳማ ዞሩ። «እሷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፤ ሽፈራው ነግሮሻል? እላይዋ ላይ ብቀመጥ ዛሬ ታቦቱን እከተል ነበር።» ድምፃቸው ተለወጠ። «መብራቱን ያነሣሽው አንቺ ነሽ። ይህን ንስሐ ግቢበት፤ አላቀልልሽም። ከበቅሎዬ ያወረድሁት ግን እኔ ራሴ ነኝ። ለማን እንደምወርድ እንኳ ሳላይ! ስልሳ ዓመት ስወርድ ስወርድ፣ ሰው መሆኑን ሳላጣራ ለመብራት ወረድኩ።»

አለቀሱ። የኔታ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ብዕሩን ጠየቁኝ። በጥፍራቸው ላይ ሞከሩት። «መልካም ይጽፋል፤ የመጣበት ይቆጫል እንጂ» አሉና መለሱልኝ። «አንድ ቀን ይህን ነገር ትጽፊዋለሽ፤ ዓይንሽ ይናገራል። ስትጽፊው ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። እንደወረድሁ አትጻፊው። በቅሎዬ ላይ እንደተቀመጥሁ ጻፊኝ። መብራቱ መጣ፣ ገብረ ሕይወትም ልጓሙን ሳብ አድርጎ ቀና ብሎ አሳለፈው በይ።»

«እሺ» አልኳቸው።

አንባቢዎቼ፣ ያ ምሽት ምን እንደለወጠብኝ ልንገራችሁ። አባቴ ዛሬም ሞተር ይሠራል፤ የመኪና መብራት ግን ነክቶ አያውቅም። እኔ ደብረ ብርሃን እማራለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ መጀመሪያ የማደርገው እጄን ማየት ነው፤ ምን እንድይዝ ፈልጎ ነው እላለሁ። ባለፈው ክረምት ሞላሌ ስሄድ የገዥው ጂፕ መንገድ ላይ አገኘኝ። ከዳማ አልወረድኩም። የኔታ ናቸው ውኃ አጠጪያት ብለው የሰጡኝ። ልጓሙን ጨብጬ እንደተቀመጥሁ ቀረሁ። ጂፑም አለፈ። ምንም አልሆነም። ያን ጊዜ ነው ይበልጥ ያለቀስሁት፤ የኔታም ባይወርዱ ምንም ላይሆን ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህን የጻፍሁት በዚያው ጥቁር ብዕር ነው። ሁለት ጊዜ ልጥለው ወንዝ ወርጄ ሁለት ጊዜም ይዤው ተመልሻለሁ።

የኔታ የለመኑኝን ቦታ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። የቀደድኋቸው ሦስት ወረቀቶች እዚያ ላይ የቆሙ ናቸው። ሦስቱም ላይ የኔታ በቅሏቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ያምሩ ነበር።

ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ። በቀለም ውሸት አይጻፍም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ወርደዋል። እኔም ቪቴውን አዙሬአለሁ።